ደሴት ያለ ጎረቤት ቤት አይሆንም
በባሕር መካከል ስለሚኖር ቤተ ሰብ በተጻፉ መጻሕፍት ላይ የተደረገ ምርመራ

ከታሪክ ወገን ሁሉ ሕፃኑንም ሽማግሌውንም እኩል ደስ የሚያሰኝ አንድ አለ፤ ይኸውም ውሃ በከበበው ደሴት ላይ ብቻውን ስለሚኖር ቤተ ሰብ የሚነገረው ነው። አባትና እናት ልጆቻቸውን ይዘው ከመርከብ ስብራት ይድናሉ፤ ሰው ካልረገጠው ምድር ይደርሳሉ፤ በዛፍ ላይ ቤት ይሠራሉ፥ ከባሕር ዓሣ ያወጣሉ፥ ከአራዊት ጋር ይላመዳሉ፤ በመጨረሻም በፍርሃት የገቡበትን ምድር አገራችን ብለው ይጠሩታል። እንዲህ ያለው ታሪክ ከአውሮፓ ተነሥቶ በመጽሐፍም በሥዕልም ዓለምን ስለ ዞረ፥ የእኛም ልጆች ያውቁታል፤ ጠይቀውም ይሰሙታል።

ደስ የሚያሰኝበት ምክንያት የተሰወረ አይደለም። በከተማ የሚኖር ቤተ ሰብ ክፉ በሆነ ጊዜ በገበያው፥ በዳኛው ወይም በጎረቤቱ ሊያላክክ ይችላል፤ በደሴት ግን ማላከኪያ የለውም። አባት ታካች እንደ ሆነ፥ ልጆችም የማይታዘዙ እንደ ሆኑ፥ በማግሥቱ ራት ይጠፋል። ስለዚህ ደሴት የቤተ ሰብን ነገር መመዘኛ ሚዛን ነው። ነገር ግን ሚዛኑ ራሱ ትክክል መሆኑን ሳይመረምሩ በሚዛን መታመን አይገባም። እኛም በዚህ ገጽ ልንጠይቅ የወደድነው ይህን ነው፦ እነዚህ መጻሕፍት ስለ ቤተ ሰብ የሚነግሩን እውነት ነውን? ከባሕር ፍጥረታት ጋርስ እንዴት አድርገው ያኖሩናል? ጎረቤትንስ ወዴት አደረሱት?

ከዚህ ወገን መጻሕፍት መካከል ስሙ የገነነው የስዊስ አገር ሰው ዮሐን ዳዊት ዊስ የጻፈው «የስዊሱ ሮቢንሰን» ነው። ደራሲው በበርን ከተማ ቄስ ነበረ። ታሪኩን አስቀድሞ ለገዛ ልጆቹ ትምህርትና ጨዋታ እንዲሆን አዘጋጀው፤ ኋላም ልጁ ዮሐን ሩዶልፍ አሰናድቶት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1812 ዓ.ም. በዙሪክ መታተም ጀመረ። ከዚያ በፊት በ1719 እንግሊዛዊው ዳንኤል ዴፎ ስለ ሮቢንሰን ክሩሶ ጽፎ ነበርና ዊስ ስሙን ከእርሱ ተዋሰ። ነገር ግን ዴፎ አንድን ሰው ብቻውን በደሴት ሲያኖር፥ ዊስ አባትን፥ እናትንና አራት ወንዶች ልጆችን በአንድነት አኖረ።

መጽሐፉ ምስጋና የሚገባው በብዙ ነገር ነው። መርከበኞቹ ታንኳዎቹን ይዘው ቤተ ሰቡን በሚሰጥመው መርከብ ላይ ጥለውት በሄዱ ጊዜ፥ አባትየው አስቀድሞ ይጸልያል፤ ቀጥሎም በርሜል ሰንጥቆ መሻገሪያ ይሠራል። ጸሎትና ሥራ በዚህ መጽሐፍ አይጣሉም። ልጆቹም አንዱ ካንዱ የተለየ ጠባይ አላቸው፤ ታላቁ ፍሪትስ ደፋር፥ ኤርንስት መጽሐፍ ወዳድና ታካች፥ ጃክ ችኩል፥ ታናሹ ፍራንስ ገና ሕፃን ነው። እናታቸውም ከመርከቡ ስትወጣ አንድ ከረጢት ይዛ ነበር፤ በቤቱ ውስጥ አንድ ነገር በታጣ ጊዜ ሁሉ ከዚያ ከረጢት ይወጣል። ወንዶቹ ሁሉ ስለ ጀግንነታቸው ሲያወሩ፥ ስለ ነገ ያሰበችው እርስዋ ብቻ እንደ ነበረች ደራሲው ያለ ስብከት አሳይቶናል። ይህ የአዋቂ ጸሓፊ ሥራ ነው።

ነገር ግን ከፍጥረታት ጋር ወዳላቸው ኑሮ በደረስን ጊዜ የመጽሐፉ ድካም ይገለጣል። ደራሲው ልጆቹን ስለ እንስሳት ሁሉ ሊያስተምር ስለ ፈለገ፥ በአራቱ ማዕዘነ ዓለም ተበትነው የሚገኙትን አራዊት እንደ ገበያ ቀን በአንድ ደሴት ሰበሰባቸው። ከዚህም የሚከፋው፥ እያንዳንዱ ፍጥረት በታየ ጊዜ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ መሆኑ ነው፤ ይኸውም «ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» የሚል ነው። ትልቁን የባሕር ኤሊ በገመድ አስረው ጀልባቸውን ያስጎትቱታል፤ ማዕበል የጣለውን ዓሣ አንበሪ ለዘይቱ ይከትፉታል፤ ሻርኩን በጥይት ይመቱታል። ፍጥረት ሁሉ ወይ መሣሪያ ነው፥ ወይ ራት ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል በእኛ ዘንድ ከሁሉ የበለጠው ገጽ ጃክ ገና በመጀመሪያው ቀን ወደ ውሃው ገብቶ ሸርጣን የሚመስል ጥፍራም የባሕር ፍጥረት እግሩን የያዘበት ነው። ሕፃኑ ይጮኻል፥ አባትየውም ይሮጣል። በመጽሐፉ ውስጥ ፍጥረት ለሰው መልስ የሰጠበት አንዱ ጊዜ ይህ ነውና፥ አንባቢው በዚያች ሰዓት ባሕሩ እውነተኛ ባሕር መሆኑን ያምናል። ደራሲው ይህን መንገድ ተከትሎ ቢሆን ኖሮ ከዚህ የላቀ መጽሐፍ በተረፈን ነበር።

ሁለተኛው ድካም ጎረቤት ማጣት ነው። በደሴቱ ላይ እህል የሚበደረው፥ በወሰን የሚከራከር፥ ለለቅሶ የሚመጣ ሌላ ቤት የለም። ይህም ለአባትየው ምቾት ሆነለት፤ ከቤቱ ውጭ ያለውን ሰው እንደ ራሱ መውደድ ለአንድ ቀን እንኳ አልተፈተነበትም። ለባልንጀራ ሳያካፍሉ ስለ ቸርነት ማስተማር ይቻላልን? ዊስ ራሱ ይህን ሳያውቀው አልቀረም። በመጽሐፉ መጨረሻ ፍሪትስ በሌላ ዓለት ላይ የምትኖር አንዲት እንግሊዛዊት ልጅ ያገኛል፥ መርከብም ይመጣል፥ ቤተ ሰቡም ይከፈላል፤ እኩሌቶቹ ይቀራሉ፥ እኩሌቶቹ ወደ አውሮፓ ይመለሳሉ። አራት ወንዶች ልጆች ያሉት ቤት ሌላ ቤት ካላገኘ በአንድ ትውልድ እንደሚያልቅ ደራሲው ስላወቀ፥ ዘግይቶም ቢሆን የባሕሩን በር ከፈተው።

ከዚህ መጽሐፍ አስቀድሞ ውሃ ስለ ከበበው ቤተ ሰብ የተጻፈው ታላቁ ታሪክ በኦሪት ዘፍጥረት የሚገኘው የኖኅ ታሪክ መሆኑን ካህናት ወንድሞቻችን ያስታውሳሉ። ስምንት ነፍስ፥ አንድ መርከብ፥ ከየወገኑም እንስሳት ነበሩ። ሁለቱን ታሪኮች ብናስተያያቸው የኖኅ ታሪክ በጥቂት ቃል ብዙ ይሠራል። በመርከቡ ውስጥ ያሉት እንስሳት የኖኅ ራት አይደሉም፤ እርሱ ይመግባቸው ዘንድ የተሰጡት አደራዎች ናቸው። ውሃው ከጎደለ በኋላም ጸሓፊው ኖኅን በክብር አቁሞ መጽሐፉን አልዘጋም፤ ወይኑን፥ ስካሩንና የልጁን ነውር ጽፎልናል። ቅዱስ መጽሐፍ የዳነውን ቤተ ሰብ እንኳ ያለ ነውር አላቀረበውምና፥ የደሴትን ቤተ ሰብ ሁልጊዜ የተስማማና የተመሰገነ አድርጎ የሚጽፍ ደራሲ ከዚህ ሊማር ይገባዋል።

ስለ ደሴት ልናስበው የሚገባ ሌላ ምሳሌ ደግሞ ፊሳልጎስ በተባለው መጽሐፍ ይገኛል። ይህ መጽሐፍ በጥንት ዘመን ከጽርእ ወደ ግእዝ ተመልሶ፥ የእንስሳትን ጠባይ እየነገረ ምሥጢር ይተረጕማል። ከሚነግራቸውም አንዱ እጅግ ታላቅ የሆነው የባሕር አውሬ ነው፤ መርከበኞች ጀርባውን አይተው ደሴት ይመስላቸዋል፥ መርከባቸውን ያስሩበታል፥ እሳትም ያነድዱበታል፤ እሳቱ በተሰማው ጊዜ አውሬው ወደ ጥልቁ ይወርዳል፥ እነርሱም ይሰጥማሉ። የመጽሐፉ ትርጓሜ ስለ ዲያብሎስ ማታለል ነው። እኛ ግን ትርጓሜውን ሳንነቅፍ ለጸሓፊዎችም ምሳሌ እናደርገዋለን፤ የቆመበትን ደሴት ምን እንደ ተሸከመው ሳይመረምር እሳቱን የሚያነድድ ደራሲ፥ መጽሐፉ ከነመርከቡ ይሰጥማል።

በዚህ ሚዛን የገዛ አገራችንን ደሴቶችና ስለ እነርሱ የተጻፈውን ብንመዝን ምን እናገኛለን?

የብቸናና የሞጣ አንባቢ «የደሴት ነገር ለደገኛ ምኑ ነው?» ሊል አይችልም። አባይ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ እንደ መቀነት ስለ ዞረው፥ አገሩ ራሱ ጀርባውን ለምዕራብ የሰጠ ደሴት ይመስላል። ከሞጣ ወርዶ ሰባራ ድልድይ ከሚባለው ስፍራ የደረሰ መንገደኛ፥ ከብቸናም በኩል ወደ ቆላው ወርዶ አባይን ያየ ገበሬ፥ የሚያየው ውሃ የናርጋንና የዳጋን ዳርቻ ነክቶ የመጣ ነው። ሞጣ ደግሞ ከደሴቶቹ ጋር የሥጋ ዝምድና አላት። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት በደቅ ደሴት ዳር የናርጋ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፤ ልጃቸው ወይዘሮ ወለተ እስራኤል የሞጣ ጊዮርጊስን ተከሉ። የእናትየዋ መታሰቢያ በውሃ መካከል፥ የልጅቱም በደጋ ቆሞ ሲኖር፥ ባሕሩና ደጋው የአንድ ቤት ሰዎች መሆናቸውን ያስረዳል።

በጣና ላይ ሠላሳ ሰባት ያህል ደሴቶች እንዳሉ ይቈጠራል። ከእነዚህ አብዛኞቹ በገዳማቸው የታወቁ ናቸው፤ ነገር ግን ትልቁ ደሴት ደቅ የመነኮሳት ብቻ አይደለም። በዚያ ገበሬ ያርሳል፥ ሴት ትፈጫለች፥ ልጅ ይጠመቃል፥ ሙሽራ በታንኳ ይሻገራል። በዙሪያው ባለው ውሃ ቆረሶና አምባዛ ይመላለሳሉ፤ ጉማሬ ሌሊት ወጥቶ በዳርቻው ይግጣል፤ አርጃኖ በድንጋይ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። እንግዲህ ዊስ በበርን ተቀምጦ በሐሳቡ የፈጠረው ነገር ሁሉ፥ ማለት ደሴቱ፥ ቤተ ሰቡና የውሃው ፍጥረት፥ በእኛ አገር በእውነት አለ። ዊስ ያጣው ጎረቤትም አለ። ታዲያ መጻሕፍታችን ስለዚህ ምን አሉ?

አስቀድሞ በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የመጣውን የጣና ቂርቆስን ታሪክ እንመልከት። አባቶች እንደሚናገሩት፥ እመቤታችን ልጇን ይዛ ከሄሮድስ ፊት በተሰደደች ጊዜ ከዮሴፍና ከሰሎሜ ጋር ወደዚያ ደሴት መጥታ ሦስት ወር ከዐሥር ቀን ተቀምጣለች። ስለ ታሪኩ መሠረት መናገር የሊቃውንት ፈንታ ነው፤ እኛ አነጋገሩን ብቻ እንመርምር። በዚህ ትውፊት እጅግ የሚያስደንቀው ዐሥሩ ቀን ነው። ተአምርን ብቻ የሚናገር ሰው «ሦስት ወር» ብሎ በተወው ነበር፤ ዐሥር ቀን ጨምሮ የሚቈጥር ግን የስደተኛን ኑሮ የሚያውቅ ነው፤ ስደተኛ ወደ አገሩ የሚመለስበትን ዕለት እየጠበቀ ቀን ይቈጥራልና። በዚህች አንዲት ቍጥር ትውፊቱ ቅዱሱን ቤተ ሰብ ከደመና አውርዶ በደሴቱ ድንጋይ ላይ አስቀመጠው።

ይሁን እንጂ ትውፊቱ ዝም ያለው አንድ ነገር አለ። ሦስት ወር ከዐሥር ቀን የተቀመጠ ቤተ ሰብ እሳት የሰጠው ማን ነው? ውሃውን በታንኳ ያሻገረው ማን ነው? ታሪኩ ጎረቤቱን በስም አልጠራውም። ያልተነገረውን ፈጥሮ መጨመር ለማንም አይፈቀድም፤ ነገር ግን ታሪኩን እንደ ገና የሚጽፍ ሰው ያ ስፍራ ባዶ መሆኑን ማየት ይገባዋል። እንግዳ የሚያድረው እንግዳ ተቀባይ ባለበት ነውና።

ቀጥሎ ከጽሕፈት ወገን በባሕሩ ዙሪያ ስላለው ኑሮ ብዙ የሚነግረን ገድለ ወለተ ጴጥሮስ ነው። ይህን ገድል በ1665 ዓ.ም. ገደማ ገላውዴዎስ የተባለ መነኵሴ በግእዝ ጻፈው፤ ቅድስቲቱ በ1635 ዓ.ም. ካረፈች ሠላሳ ዓመት ያህል በኋላ ማለት ነው። ስለዚህ ያዩአትንና የሰሟትን ሰዎች ጠይቆ ጻፈ፤ በገድሉም ሁሉ የምስክር ድምፅ ይሰማል። ወለተ ጴጥሮስ የታላቅ ሰው ልጅ፥ የዐፄ ሱስንዮስ ባለሟል የነበረው የመልክዐ ክርስቶስ ሚስት ነበረች። የወለደቻቸው ሦስት ልጆች በሕፃንነታቸው ሞቱባት፤ በኋላም ንጉሡ የሮማን ሃይማኖት በተቀበለ ጊዜ ባልዋን ትታ ስለ አባቶችዋ ሃይማኖት ተሰደደች፤ በጣና ዳርና በደሴቶቹም ማኅበር ሰበሰበች። ባልንጀራዋ እኅተ ክርስቶስም ባልና ልጅ ትታ ተከተለቻት።

የገድል ሥራ ቅዱሱን ከቤቱ ማውጣት መሆኑ የታወቀ ነው፤ ገላውዴዎስም ይህን ሥርዐት ጠብቋል። ነገር ግን ገድሉን ታላቅ ያደረገው፥ ከአንድ ቤት ያወጣትን ሴት ወደ ሌላ ቤት ማግባቱ ነው። የጌታ ልጅ ስትሆን እንደ ገረድ ስትፈጭ፥ እንጨት ስትለቅም፥ ማኅበሩም ሲታመም፥ ሲራብ፥ እርስ በርሱም ሲከፋፋ እናያለን። ይህ ሁሉ የቤተ ሰብ ኑሮ ነው፤ እናትነት የሞተባት ሴት የብዙዎች እናት ስትሆን ያሳየናል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. ገድሉ ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ ታተመ። የሚጎድለው ግን እዚህም ያው ነው፤ የባሕሩ ሰው በገድሉ ውስጥ የሚቆመው ከማኅበሩ ደጅ ውጭ ነው።

የውጭ አገር ተጓዦችም በፋንታቸው ጽፈዋል። ከእነርሱ ስለ ደሴቶቹ በዝርዝር የጻፈው ሮበርት ቺስማን ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1925 እስከ 1934 ዓ.ም. በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል ሳለ ደሴቶቹን እየዞረ ተመለከተ፤ መጽሐፉንም በ1936 ዓ.ም. አሳተመ። ደሴቱን፥ ዛፉን፥ ወፉን ሁሉ በየስሙ መዝግቧልና ለጠንቃቃነቱ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ተጓዥ ሁልጊዜ በማግሥቱ የሚሄድ ነው፤ ቤተ ሰብ በክረምትና በበጋ፥ በልደትና በሞት የሚኖረውን ኑሮ ከታንኳ ላይ ሆኖ ማየት አይቻልም።

እንግዲህ በትውፊቱም፥ በገድሉም፥ በተጓዡም መጽሐፍ በቂ ስፍራ ያላገኘው ጎረቤት ማን ነው? ወይጦ የሚባሉት ወገኖች ናቸው። እነዚህ ሰዎች በጣና ዳርቻ ከጥንት ጀምሮ ይኖራሉ፤ የራሳቸው የነበረውን ቋንቋ ትተው አማርኛ መናገር ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ደንገል ቈርጠው ታንኳ መሥራት፥ ዓሣ ማጥመድ፥ ቀድሞም ጉማሬ ማደን ሥራቸው ነበረ። የጉማሬ ሥጋ በመብላታቸው ክርስቲያኑ ርኩሳን አላቸው፤ እነርሱ እስላም ነን ሲሉ እስላም ጎረቤታቸውም ስለዚሁ ምግብ አልተቀበላቸውም። በዚህ ምክንያት ከሁለቱም ማዕድ ርቀው፥ በጋብቻም ተለይተው ኖሩ። ጉማሬ ማደን ከቀረ በኋላም እንኳ ስሙ አልተፋቃቸውም።

በዚህ ነገር የካህናትን አሳብ መጠየቅ ተገቢ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውሃ ፍጥረት ከመብል ለይቶታል፤ ስለዚህም ቅርፊት የሌለው አምባዛ በብዙዎች ዘንድ አይበላም። ነገር ግን ሕጉ የለየው መብልን ነው እንጂ ሰውን አይደለም። በግብረ ሐዋርያት የተጻፈውንም እናስታውስ፤ ቅዱስ ጴጥሮስ እንስሳት ሁሉ ያሉበትን ታላቅ ሸማ በራእይ ባየ ጊዜ ያረፈው በማን ቤት ነበረ? በባሕር ዳር በሚኖረው በቍርበት ፋቂው በስምዖን ቤት ነበረ። ቍርበት ፋቂ በዚያን ዘመን የተናቀ ሠራተኛ መሆኑ የታወቀ ነው። ሐዋርያው ማንንም ሰው ርኩስ ብሎ መጥራት እንደማይገባ የተማረው በባሕር ዳር፥ በተናቀ ሰው ጣራ ላይ ሆኖ ነው። ከዚህ የበለጠ ለጣና ታሪክ የተስማማ ምንባብ አናውቅም።

ደግሞም የደሴቶቹ ገዳማት ኑሮ ያለ ታንኳ አይታሰብም ነበረ። እህሉ፥ ዕጣኑ፥ ጧፉ፥ የብራናው መጽሐፍ ሁሉ ውሃውን የተሻገረው በደንገል ታንኳ ነው። ታንኳ በመሥራት ደግሞ ወይጦዎች የተመሰከረላቸው ናቸው። በማዕድ ያልተቀበልነው እጅ የሠራውን ታንኳ ለንዋየ ቅድሳት ማሻገሪያ ስናደርግ፥ የሥራው ንጽሕና በሠሪው ላይ ለምን እንዳልተቈጠረ መጽሐፍ ሊጠይቀን ይገባ ነበር፤ አልጠየቀንም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለውን ምሳሌ ሁላችን እንናገረዋለን፤ በጣና ዳር ግን ምሳሌው ግማሽ ብቻ ተፈጸመ።

ፍጥረታቱም እንደ ቀድሞው አይደሉም። ጣና በዓለም በሌላ ስፍራ የማይገኙ ብዙ የዓሣ ወገኖች የተፈጠሩበት ባሕር ነው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ እንቍላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራ፥ ወደ ርብና ወደ ሌሎቹ ወንዞች ይወጣሉ። በ1978 ዓ.ም. ገደማ በሞተር ጀልባና በረጅም መረብ ማጥመድ ከተጀመረ በኋላ፥ በወንዞቹም አፍ እየጠበቁ ማጥመድ ስለ በረታ፥ እነዚህ ዓሣዎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ እጅግ አነሱ። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህም እንቦጭ የሚባለው መጤ አረም በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ተዘርግቶ የአጥማጁን መረብና የከብቱን ውሃ መጠጫ ያዘ። በ2007 ዓ.ም. ጣና ከነዙሪያው በዩኔስኮ ጥብቅ የሕይወት ክልል ተብሎ ተመዘገበ፤ ነገር ግን መዝገብ አረም አይነቅልም።

ይህን ሁሉ መጥቀሳችን ከመጻሕፍት ምርመራ ወጥተን አይደለም። ዛሬ ስለ ደሴት ቤተ ሰብ የሚጽፍ ሰው ባሕሩን ሁልጊዜ የተትረፈረፈ ጎተራ አድርጎ ቢጽፍ፥ የዊስን ስሕተት ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ይደግመዋል። ዊስ ባሕሩ እንደማይጎድል ያምን ነበር፤ የደቅ አጥማጅ ግን የአባቱንና የገዛ ራሱን መረብ አስተያይቶ ልዩነቱን ያውቃል። አባት ለልጁ የሚያወርሰው ሙያ ከውሃው ጋር ሲጎድል፥ ያ ቤት በማታ ምን ይነጋገራል? በዚህ ጥያቄ ውስጥ ከመርከብ ስብራት የበለጠ ታሪክ አለ።

እዚህ ላይ አንድ መልካም ካህን እንዲህ ብሎ ሊቃወመን ይችላል፦ «ደሴቶቹ የጸሎት ስፍራ ናቸው። የወጥ ቤትን ጢስና የአጥማጅን ክርክር ወደ ገዳም ታሪክ ማግባት ቅድስናውን ማቃለል ነው። ሕዝቡ ከመጽሐፍ የሚፈልገው ከኑሮው የሚያወጣውን ነው እንጂ ወደ ኑሮው የሚመልሰውን አይደለም።» ይህ ቃል በቀላሉ የሚጣል አይደለም። የገዳም ጸጥታ በእውነት ሀብት ነው፤ ሁሉን ነገር ወደ ገበያ ወሬ የሚያወርድ ጽሕፈትም በዘመናችን በዝቷል። እኛም ገድሉ ልብ ወለድ ይሁን አላልንም፤ እያንዳንዱ ጽሕፈት የራሱ ሥርዐት አለው።

ነገር ግን ወንጌላዊው ዮሐንስ በመጽሐፉ ፍጻሜ ያደረገውን እንመልከት። ጌታ ከሙታን ከተነሣ በኋላ ለደቀ መዛሙርቱ በባሕር ዳር በተገለጠ ጊዜ፥ ሌሊቱን ሁሉ ምንም ያልያዙ ደካሞች አጥማጆች ነበሩ። ወደ ምድር በወጡ ጊዜ ያገኙት የከሰል ፍም፥ በላዩም ዓሣና እንጀራ ነው። ወንጌላዊው የዓሣውን ቍጥር እንኳ አልተወውም፤ መቶ ኀምሳ ሦስት ብሎ ጻፈው፥ መረቡም እንዳልተቀደደ ጨመረ። ከትንሣኤ የሚበልጥ ምሥጢር የለም፤ ጸሓፊው ግን ምሥጢሩን ከፍሙና ከዓሣው አልለየውም። እንግዲህ የወጥ ቤት ጢስ ቅድስናን ያቃልላል የሚል ሰው ከዚህ ምዕራፍ ጋር ይነጋገር።

ስለዚህ በብቸናና በሞጣ፥ በዲማና በደብረ ወርቅም ቅኔ የተቀኛችሁ፥ ዛሬም በአማርኛ ለመጻፍ የምትመኙ ወጣቶች ሆይ፤ ደሴት ፈልጋችሁ በሐሳብ ወደ ሩቅ ባሕር አትሂዱ። አንድ ቤት ብቻ ምረጡ። በደቅ ያለች አንዲት እናት በነፋስ ቀን ታንኳ የሚመለስበትን ዳር ቆማ ስትመለከት ጻፉ፤ ለማገዶ እንጨት ስታጣ ምን እንደምታነድድ፥ ልጅዋ ለትምህርት ሲሻገር በምን እንደምትሰንቀው ጻፉ። ጉማሬው በእርሻዋ የገባበትን ሌሊት ስትጽፉ ጉማሬውንም አትበድሉት፤ እርሱም ከእርሻው በፊት በዚያ ነበረ። ቤተ ሰቡ በሚጣላበት ቀን መጽሐፉን አትዝጉ፤ ኖኅን ያስታወስነው ስለዚህ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ጎረቤቱን ከደጅ አታቁሙት። የወይጦው ሽማግሌ በመጽሐፋችሁ የሚገባው እንዲታዘንለት ወይም እንዲገሠጽ አይሁን፤ ስለ ውሃው፥ ስለ ነፋሱና ስለ ደንገሉ ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ ባለሙያ ሆኖ ይናገር። የክርስቲያኑ ባላገርና እርሱ በአንድ ማዕድ ተቀምጠው በፍቅር ሲበሉ በመጨረሻው ምዕራፍ ማሳየት ቀላል ነው፤ እንዲህ ያለ ፍጻሜ ግን በገሃድ እስኪሆን ድረስ በመጽሐፍ አትስጡት። ከዚያ ይልቅ ሁለቱ በአንድ ታንኳ ላይ ሳሉ ነፋስ ሲነሣባቸው አሳዩን፤ አንዱ ሲቀዝፍ ሌላው የገባውን ውሃ በቅል ሲያወጣ፥ አንባቢው የቀረውን ራሱ ይፈርድ።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ በአማርኛ ተጽፎ በታየ ጊዜ፥ ከበርኑ ቄስ መጽሐፍ ጋር አንድ ላይ አኑረን ለልጆቻችን እንሰጣለን። እስከዚያው ግን ልጆቻችን የስዊሱን ሮቢንሰን ሲያነቡ አንከለክላቸውም፤ አንድ ጥያቄ ብቻ እንጠይቃቸው፦ «በዚህ ደሴት ላይ ጨው ቢያልቅ ከማን ይበደራሉ?» መልሱን ያጡ ዕለት መጽሐፍን መመርመር ጀምረዋልና። እግዚአብሔር አምላክ ለጸሓፊው ማስተዋልን፥ ለባሕሩም ምሕረትን ይስጥ።